ያደረ ደም

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በስተግራው የሐረርጌን ተራሮች፣ በስተቀኙም ግራርና ቍጥቋጦ የበቀለበትን ሰፊ ቆላ እያየ ብዙ ሳይርቅ ሁርሶን ያገኛል። ሁርሶ በአገራችን ሰው ዘንድ ስሙ የሚጠራው በወታደር ማሠልጠኛው ነው፤ ከደጋ የመጣ ምልምል በዚያ ሜዳ ላይ ከመሣሪያ አያያዝ አስቀድሞ የሚማረው የፀሐይን ኃይል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዚህ አገር ግለት ላልተጠነቀቁለት ነገር ሁሉ ጠላት ስለ ሆነ፣ የኢሳ ሴቶች የግመል ወተታቸውን በጢስ በታጠነ ዕቃ ይዘው ለገበያ ያወርዳሉ፤ ከአወዳይ የሚነሣው ጫትም ሳይጠወልግ ገበያ እንዲደርስ ሹፌሩ ነፍሱን እስኪረሳ ድረስ ይበርበታል። ያደረ ወተት፣ ያደረ ጫት፣ ያደረ ሥጋ በዚህ ቆላ የሚሸሽ ነገር ነው፤ ያደረ ወጥ ይጣፍጠኛል የሚል አንዳንድ ሰው ባይጠፋም። እንግዲህ ለዚህ አገር ሰው፣ ታሞ በተኛበት ሊሰጠው የተዘጋጀው ደም ከ20 ቀን በፊት ከሌላ ሰው ክንድ የተቀዳ መሆኑን ቢነግሩት፣ አስቀድሞ በልቡ የሚመላለሰው «ያደረ ደም ሰው ያድናልን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሊቃውንተ ሕክምናም ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ በዚያ መንገድ የሄዱበትን ታሪክ እንደ ዘመኑ ቅደም ተከተል እንተርካለን። የራሳችንን ዘመን ዓ.ም. ብለን በራሳችን አቆጣጠር፣ የቀረውን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ደምን ከሕይወት ጋር አንድ አድርጎ ማየት በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን የሥጋን ነፍስ በደሙ ውስጥ ስለምታኖር፣ አራጁ ደሙን ለምድር ያፈስሳል እንጂ ለማዕድ አያቀርበውም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ከአንዱ ሰው ሥር ወደ ሌላው ደም ማሻገርን ከጥንት ጀምረው ሲመኙ ነበር። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ብለንዴል በ1818 ከሰው ወደ ሰው ደም ሰጠ፤ በ1829 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ልትሞት የነበረችን ሴት በዚሁ ጥበብ ማዳኑ በሕክምና መጽሔት ታተመ። ነገር ግን ከሰውነት የወጣ ደም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሚረጋ፣ ለጋሹና ተቀባዩ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን መገኘት ነበረባቸው፤ ደም ለማደር ቀርቶ ለመዋልም ፋታ አልነበረውም። ደም ከተሰጣቸውም ሰዎች ብዙዎቹ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሞቱ ነበር። የዚህ ምስጢር ቍልፍ የተገኘው ካርል ላንድስታይነር በ1901 በቪየና የደምን ዓይነቶች ለይቶ ባሳየ ጊዜ ሲሆን፣ ስለዚህ ሥራው በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የመርጋት ነገር መፍትሔውን ያገኘው ከሎሚ ነው ብንል ነገሩን ብዙ ማቅለል አይሆንም። ከሎሚ አሲድ የሚዘጋጀው ሲትሬት የተባለው ጨው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይዞ ስለሚያስቀር፣ ያለ ካልሲየም ደግሞ ደም ሊረጋ ስለማይችል፣ በ1914 መጋቢት ላይ በብራስልስ አልበርት ሁስታን፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በቦነስ አይረስ ሉዊስ አጎቴ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ፣ በዚህ ጨው የተቀላቀለ ደም ለበሽተኛ ሰጡ። በተከታዩ ዓመት በኒው ዮርክ ሪቻርድ ሊዊሶን ደሙን ከመርጋት የሚያግድ፣ በሽተኛውን ግን የማይመርዝ መጠን ወስኖ አስታወቀ። ይህ ትንሽ የሚመስል ግኝት ለጋሹንና ተቀባዩን በአንድ ክፍል ከመታሰር ፈታቸው፤ ደም ከሰውነት ወጥቶ ብቻውን መቆም የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ብቻውን የቆመ ደም ግን ይራባል። ቀይዋ የደም ሕዋስ አስኳል የሌላት፣ ራሷን የማታድስ፣ በሰው ሥር ውስጥ እየዞረች 120 ቀን ያህል ኖራ የምታልፍ ፍጥረት ናት፤ ኃይሏን የምታገኘው ከስኳር ብቻ ነው። ይህን በመገንዘብ ፔይተን ራውስና ጄ. አር. ተርነር በ1916 በሲትሬቱ ላይ ስኳር ጨምረው ሕዋሳቱን በቅዝቃዜ ቢያስቀምጧቸው፣ ለብዙ ቀናት ሳይፈርሱ ቆዩላቸው። በዚህ ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የተጠቀመው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ኦስዋልድ ሮበርትሰን ነው። በ1917 በፈረንሳይ ግንባር፣ ከዓለም ሁሉ ጋር የሚስማማውን የኦ ዓይነት ደም ከወታደሮች እየቀዳ በጠርሙስ አድርጎ፣ ከጥይት ሣጥን በተሠራ የበረዶ ማስቀመጫ ውስጥ እስከ 26 ቀን አቆየው፤ ኅዳር ላይ የካምብሬ ውጊያ በተነሣ ጊዜም ያን ያደረ ደም ይዞ ወደ ቍስለኞቹ ተጠጋ። ከቍስለኞቹም መካከል እጅግ ደክመው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው እንኳ የማይችሉ የነበሩት ደሙን ከተቀበሉ በኋላ ለመታከም በቁ። አንድ ሰው ደሙን ሰጥቶ ወደ ምሽጉ ከተመለሰ፣ ምናልባትም ከሞተ በኋላ፣ ደሙ ሌላውን ሲያድን የታየበት የመጀመሪያው ጦርነት ይኸው ነው።

ሰላም ከሆነ በኋላ የሮበርትሰን ሥራ ለጥቂት ጊዜ ተረሳ፤ የጦርነት ትምህርት በሰላም ጊዜ ሲረሳ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አልነበረም። ነገሩን እንደገና ያነሡት ሩሲያውያን ናቸው፤ በ1930 በሞስኮ ሰርጌ ዩዲን በድንገት ከሞተ ሰው ሬሳ የተቀዳ ደም ለሕያው ሰጥቶ ዓለምን አስደነቀ፤ በሌኒንግራድም በ1932 ደም የሚከማችበት ተቋም ቆመ። በእኛ አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደረሰበት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በአውሮፕላን ቦምብ ሲደበደብ፣ ድንኳኖቹ ላይ የነበረው ምልክት አላዳናቸውም። በዚያ ዘመን በቆላው ሙቀት ውስጥ ለወደቀ ቍስለኛ የሚቀርብ የተቀመጠ ደም አልነበረም፤ የደም ባንክ የሚባለው ስም እንኳ ገና አልተወለደም። በ1936 የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ፌደሪኮ ዱራን ሆርዳ በባርሴሎና፣ ካናዳዊው ኖርማን ቤቱን ደግሞ በማድሪድ ደምን በማቀዝቀዣ አስቀምጦ በመኪና ወደ ግንባር ማድረስን ሥርዓት አበጁለት፤ መጋቢት 15 ቀን 1937 በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል የከፈተውን ማከማቻ «የደም ባንክ» ብሎ ሰየመው። እስከ ዛሬ በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ ነገር ግን በገንዘብ ባንክ የተቀመጠ ሀብት ወለድ እየወለደ ሲያድግ፣ በደም ባንክ የተቀመጠው ግን ዕለት ዕለት የሚቀነስ ሀብት መሆኑን ስሙን ያወጣው ሐኪም ሳያውቅ አልቀረም፤ የሱ ደም ከ10 ቀን ብዙ የሚያልፍ አልነበረምና።

ይህ ቅነሳ ምን እንደ ሆነ በሚዛን መመርመር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በኒው ዮርክ ጆን ስከደርና ጥቁሩ አሜሪካዊ ሐኪም ቻርልስ ድሩ፣ በጠርሙስ የተቀመጠው ደም በቆየ ቍጥር ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጭው ፈሳሽ የሚፈልሰው ፖታሲየም እየበዛ መሄዱን አስተዋሉ፤ ድሩም በ1940 ስለ ተከማቸ ደም የጻፈውን ድርሳን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አቅርቦ በሕክምና የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ። ፖታሲየም በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1943 በእንግሊዝ ሉቲትና ሞሊሰን የተባሉት ሊቃውንት ሲትሬቱን በትንሹ አሲድ አድርገው ከስኳር ጋር ያዋሃዱበትን ቀመር አበርክተው የደምን ዕድሜ ወደ 21 ቀን ከፍ አደረጉ። ነገር ግን እነዚህ ሊቃውንት ቀን ከመጨመራቸው ይልቅ የቀኑን መለኪያ ማግኘታቸው ይበልጥብኛል። ደም በጠርሙስ ውስጥ ቀይ መስሎ መታየቱ ብቻ ዋጋ የለውም፤ በሽተኛው ሥር ውስጥ ገብቶ ምን ያህሉ ሕዋስ በሕይወት ይገኛል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ከተሰጠ ከ24 ሰዓት በኋላ በተቀባዩ ሥር የሚዞረው ሕዋስ ተቈጠረ፤ ቍጥሩ እየጸና ሄዶ ዛሬ ቢያንስ 75 ከመቶ መሆን አለበት ተብሎ ተደንግጓል። በደም ከረጢት ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ ቀን ሥረ መሠረቱ ይህ ነው፤ ደሙ በዚያ ቀን ይመረዛል ማለት ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን በኋላ ከአራት ሕዋስ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በከንቱ ይሰጣል ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ከተከማቸ ደም ጋር በብዛት የተገናኙት ከአገራቸው ርቀው ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። የቃኘው ሻለቃ ጦር በኮሪያ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጋ 121 ጀግኖች ሲወድቁ 536 ቈስለዋል፤ በዚያ ጦርነት ለቍስለኞች ይሰጥ የነበረው ደም ከአሜሪካ ተቀድቶ በአውሮፕላን ወደ ጃፓን፣ ከጃፓንም ወደ ኮሪያ ይሻገር ነበርና፣ ከ21 ቀን ዕድሜው ከፊሉን በመንገድ ይጨርስ ነበር። ተሰባሪውን ጠርሙስ የሚተካው የፕላስቲክ ከረጢት በካርል ዋልተርና በዊልያም መርፊ እጅ የተሠራውም በዚያው ዘመን፣ በ1950 ገደማ ነው። ከረጢት ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አየር ሳያስገቡ ደሙን ወደ ቀይ ሕዋስ፣ ወደ ፕላዝማና ወደ ፕላትሌት መለየትን ያስቻለ፣ በዚህም እያንዳንዱ ክፍል እንደ ባሕርዩ እንዲቀመጥ ያደረገ እርሱ ነው። ቀይ ሕዋስ በ2 እና በ6 ዲግሪ መካከል ሲኖር፣ ፕላዝማ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚበርድ ቦታ በረዶ ሆኖ ዓመት ይቆያል፤ ፕላትሌት ግን ብርድን ስለማይወድ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ ያለ ዕረፍት እየተወዛወዘ ከ5 ቀን ያህል አያልፍም። በዚያ ሙቀት ባክቴሪያ በቀላሉ ስለሚራባ፣ ያደረን ነገር የሚፈራው የቆላ ሰው በፕላትሌት ላይ ቢሆን ፍርሃቱ ተገቢ ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም አገልግሎቱን በአዲስ አበባ የጀመረው በአውሮፓውያን 1969 ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆን የሶማልያ ጦር ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገባ። የምድር ባቡሩ ድልድዮች ተሰብረው መንገዱ በተቋረጠበት፣ ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ራሷ በታንክና በመድፍ በተመታችበት፣ እስከ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ድረስ የሐረርጌ ሆስፒታሎች በቍስለኛ በተጨናነቁበት በዚያ ወራት፣ ደም ማስቀመጥ የሚባለው ነገር የመጽሐፍ ጥበብ መሆኑ ቀርቶ የበረዶ፣ የመብራትና የመንገድ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የደም ዕድሜ የሚቈጠረው ማቀዝቀዣው እስከ ሠራ ድረስ ብቻ ነውና። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በክፍል ሙቀት ከ30 ደቂቃ በላይ የቈየ ደም ተመልሶ እንዳይቀመጥ፣ የተሰቀለም ከረጢት በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ የሚያዘው ሥርዓት ለማንም አገር የተጻፈ ቢሆንም፣ እንደ ሁርሶ ባለ ቆላ ግን 30ው ደቂቃ እንዴት አጭር እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥላ ሥር አስቀምጦ ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ ትረካችንን ገታ አድርገን ወደ ከረጢቱ ውስጥ እንመልከት። አንድ ለጋሽ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሲሰጥ፣ በከረጢቱ ውስጥ አስቀድሞ የተጨመረው 63 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይጠብቀዋል፤ ሲትሬት፣ ፎስፌት፣ ስኳርና በኋላ የተጨመረው አዴኒን የሚባል ነገር በውስጡ አሉ። ይህ አዴኒን የተጨመረበት ቀመር በ1979 በአሜሪካ ሲፈቀድ የደም ዕድሜ 35 ቀን ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ለቀይ ሕዋስ ብቻ የተዘጋጁ ተጨማሪ መድኃኒቶች 42 ቀን አድርሰውታል። ብርዱ ሕዋሷ ስኳሯን ቀስ ብላ እንድትበላ ስለሚያደርጋት ዕድሜዋን ያረዝማል፤ ነገር ግን ያው ብርድ ሶዲየምንና ፖታሲየምን በየቦታቸው የሚጠብቀውን በሯን ስለሚያደነዝዘው ፖታሲየሙ ከቀን ወደ ቀን ወደ ውጭ ይወጣል። ስኳሩ ሲፈጭ አሲድ ይከማቻል። ሕዋሷ ኦክስጅንን ለሥጋ የምትለቅበት 2፣3-ዲፒጂ የተባለው ረዳት በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጨርሶ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ክብና ለስላሳ የነበረው መልኳም እሾህ ያወጣ ይመስላል፤ አንዳንዶቹም ፈርሰው ቀይ ቀለማቸውን በፈሳሹ ውስጥ ያፈስሳሉ። ይህን ሁሉ በአንድነት የማከማቸት ጉዳት ይሉታል። አስገራሚው ነገር ከጉዳቱ የሚበዛው የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ሕዋሷ ሞቃት ሥር ውስጥ እንደ ገባች የጠፋውን ረዳቷን በአንድ ቀን ውስጥ መልሳ መሥራት ትጀምራለች፣ ፖታሲየሙንም መልሳ ትሰበስባለች። ይሁን እንጂ አራስ ሕፃን ደሙ ሁሉ በሌላ ደም የሚለወጥለት ጊዜ፣ ወይም ብዙ ከረጢት በአንድ ጊዜ በፍጥነት የሚሰጥ እንደ ሆነ ያ የተከማቸ ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ስለሚችል፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሐኪሞች ከ5 ቀን ያላለፈ ደም ይመርጣሉ።

የማደር ነገር በሌላም በኩል ሊታይ ይገባዋል። የቂጥኝ ረቂቅ ተሕዋስ ብርድን ስለማይችል፣ በማቀዝቀዣ ጥቂት ቀናት ባደረ ደም ውስጥ ይሞታል፤ ገና ከክንድ በወጣ ትኩስ ደም ግን በሕይወት ይተላለፋል። በዚህ ረገድ ያደረው ከትኩሱ ይሻላል ማለት ነው። የወባ ተሕዋስ ግን በብርድ ከሳምንት በላይ መኖር ይችላል፤ የጉበት በሽታ ቫይረሶችም ብርዱን አይፈሩም። ኤድስ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት በ1986 ነው፤ የዚህም በሽታ ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ በደም ከረጢት ውስጥ ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ የሚጠብቅ ነው። ጭራሹንም ብርድ የሚስማማቸው፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከፈረሱት ሕዋሳት ብረት እየተመገቡ የሚራቡ እንደ ዬርሲንያ ያሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ስለዚህ መጠበቂያው ብርድ ብቻ ሊሆን አልቻለም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። ምርመራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ደም የማደሩ ትልቁ ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ተቀምጦ ሳለ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት በሽታ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም መርምሮ፣ ዓይነቱን ለይቶ፣ የተጠረጠረውን ማስወገድ ይቻላል። በበሽተኛው በራፍ ላይ ቆሞ «ደም ፈልጉ» የተባለ ዘመድ የሚሰጠው ትኩስ ደም ግን በችኰላ ሲሰጥ ፍተሻው ይቸኵላል፤ ዘመዱም ወንድሙን ለማዳን ሲል የራሱን ታሪክ ሊደብቅ ይችላል። አገራችን ለብዙ ዘመን የኖረችው በእንዲህ ያለው ምትክ ደም ነበር።

እንዲህም ሆኖ የአሮጌ ደም ፍርሃት አልጠፋም። በ2008 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 6,002 ሕሙማን መዝገብ ከፍተው፣ ከ14 ቀን በላይ ያደረ ደም ከተሰጣቸው 2.8 ከመቶ በሆስፒታል ሲሞቱ፣ ከ14 ቀን ያልበለጠ ከተሰጣቸው የሞቱት 1.7 ከመቶ መሆናቸውን አሳተሙ። ዜናው በየሆስፒታሉ ድንጋጤ አመጣ፤ ትኩስ ደም ብቻ ይሰጠን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ደም እንደ አወዳይ ጫት በማግሥቱ የሚጠወልግ ነው ብለው የዚያ ጽሑፍ አንባቢዎች የደመደሙ ይመስለኛል። ነገር ግን መዝገብ ማገላበጥ አንድ ነገር ነው፤ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን በትኩስ፣ ሌላውን ባደረ ደም መርዳት ሌላ ነው። ይህ ከባድ ሥራ በየአገሩ ተጀመረ።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው በ2015 የታተመው የካምፓላ ጥናት ነው። በሙላጎ ሆስፒታል በወባና በማጭድ ቅርጽ የደም በሽታ የደም ማነስ የጸናባቸው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 290 ሕፃናት በዕጣ ተለይተው፣ ለግማሾቹ ከ1 እስከ 10 ቀን፣ ለግማሾቹ ከ25 እስከ 35 ቀን ያደረ ደም ተሰጣቸው። መለኪያው ላክቴት የተባለው በደም ውስጥ የሚከማች አሲድ ነበር፤ ሥጋ ኦክስጅን ሲያጣ ይከማቻል፣ ሲያገኝ ይቀንሳል። እንግዲህ ያደረው ደም በእውነት ኦክስጅን መለገስ የማይችል ደካማ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚህ ለመሞት በቀረቡ ሕፃናት ላይ ይታይ ነበር። በ8 ሰዓት ውስጥ ላክቴታቸው ወደ ተፈለገው መጠን የወረደላቸው፣ በትኩሱ 58 ከመቶ፣ ባደረው 61 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ያደረው ከትኩሱ አላነሰም። በዚያው ዓመት በካናዳና በአውሮፓ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ባሉ 2,430 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በትኩሱ 37.0፣ ባደረው 35.3 ከመቶ መሆናቸውን አሳየ። በ2016 በአራት አገሮች ከ20,000 በላይ ሕሙማን የተመረመሩበት ሥራ 9.1ና 8.7፣ በ2017 ደግሞ በዋናነት በአውስትራሊያ 4,919 ሰዎች የተሳተፉበት 24.8ና 24.1 ከመቶ አገኘ። ያደረ ደም እንዳይሰጥ የሚያስከለክል ምክንያት ያገኘ አልነበረም፤ ይልቁንም ትኩስ ደም ብቻ እንፈልጋለን ብሎ ያደረውን መጣል፣ የደም ባንኩን መደርደሪያ ባዶ አድርጎ፣ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ምንም አለማስቀረት ነው።

እነዚህ ጥናቶች በሚካሄዱበት ዘመን ነው በ2012 በአገራችን የደም አገልግሎቱ ከቀይ መስቀል ማኅበር ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ኃላፊነት የተሻገረው። ከዚያ ወዲህ በየክልሉ የደም ባንኮች እየተከፈቱ፣ ድሬዳዋም የራሷን ይዛ፣ ምትክ ደም የሚባለው እየቀረ ከበጎ ፈቃደኛ የሚሰጠው እየበዛ ሄደ፤ አሁን ተቋሙ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ይባላል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነና ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። በ2022 ግን በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ተነሣና፣ ሊቃውንቱ በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ የሚፈለፈል፣ ከተማን የሚወድ፣ ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ ዓይነት የመዛመቱ ምክንያት ሆኖ አገኙት። ባለማወቅ ወባ በደሙ የያዘ ጤነኛ መሳይ ሰው ደሙን ቢሰጥ፣ ማቀዝቀዣው ሊያጠፋው ስለማይችል፣ የደም ባንኩ ሠራተኛ ለለጋሹ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ ከመርፌው አስቀድሞ የሚቆም አጥር ሆኖ ቀረ።

ከረጢቱ ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል፣ የተቀዳበትና የሚያበቃበት። የመደርደሪያው ባለሙያ ሲያወጣ የሚያስቀድመው ቀኑ የተቃረበውን ነው፤ ይህን ያየ በሽተኛ አሮጌውን ለእኔ ሰጡኝ ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ ያ ከረጢት ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተመረመረና የተጠበቀ ነው። ማታ ከሁርሶ በኩል ምጥ የጠናባት፣ ወልዳም ደሟ አልቆም ያላት እናት በመኪና ወደ ድሬዳዋ ስትጓዝ፣ ከተማው ሙቀቱን ገና ያልለቀቀ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ወደ ደም ባንክ ይልካል፤ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ዓይነቷ ተለይቶ የሚመጣው ከረጢት ምናልባት 20ኛ ቀኑን ያደረ ነው። አዋላጇ ሣጥኑን ከፍታ ከረጢቱን ታወጣለች፤ ዓይኖቿ በግድግዳው ሰዓት ላይ ናቸው፣ ግማሽ ሰዓቱ ጀምሯልና። ከውጭ እጅ የሚያቃጥል አየር በመስኮት ይገባል፤ ከረጢቱ ግን ገና ብርድ ላይ ነው፤ በላዩ የተፈጠረው ጤዛ በጣቷ ላይ ይወርዳል።